ወንድሜ ከጣቢያ ወደ ቂሊንጦ ተዛወረ፣ ጥየቃው እንዴት ነው?

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ወንድሜ 24 አመቱ ነው፣ ከተያዘ አምስት ሳምንት አለፈው። እስካሁን ፖሊስ ጣቢያ ስለነበር ለምደነው ነበር ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ቁርስ ማታ እራት እናመላልሳለን፣ በር ላይ ያሉትም ፊታችንን ለምደው የማን ነሽ ማለት ትተው ነበር። ሐሙስ ምሳ ይዤ ስሄድ ክስ ተመስርቶበት ወደ ማረሚያ ቤት ሄዷል አሉኝ፣ የቱ ማረሚያ ቤት ስል ቂሊንጦ። ምሳውን ይዤ ተመለስኩ፣ እማዬ ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ስታይ ልጄን ምን አደረጉት ብላ ጮኸች ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፣ እስክናረጋጋት ድረስ የሆነውን አልነግራችሁም።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ጥየቃ በየቀኑ ነው ወይስ ቀን አለው? ምግብ ይገባል? ልብስስ ምን አይነት? ብር በእጁ መስጠት ይቻላል? ደግሞ የኛ ነገር ትንሽ ለየት ይላል፣ እኔና እሱ በእናት ነው የምንገናኘው የአባታችን ስም ይለያያል፣ መታወቂያዬን አይተው እህቱ አይደለሽም ቢሉኝስ? የሴት ጓደኛውም ልትጠይቀው ትፈልጋለች ግን ገና አልተጋቡም። እማዬ ደግሞ ግፊት አለባት ጉልበቷንም ያማታል ሰልፍ ላይ ቆማ መዋል አትችልም፣ እሷን ግን ቤት ቅሪ ማለት አይቻልም ታውቃላችሁ።

ክሱ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም እሱን ፍርድ ቤት ያየዋል። እኔ የምፈልገው የበሩን ነገር ማወቅ ብቻ ነው።


እናት ነኝ፦

ልጄ አይዞሽ። አምስት ሳምንት ጣቢያ ያመላለሰ ሰው ይሄን አያቅተውም። እኔ የመጨረሻ ልጄን ሦስት አመት ከመንፈቅ ጠይቄዋለሁ፣ የት እንደነበር አልናገርም ግን ያላየሁት ነገር የለም።

እናትሽን የመጀመሪያ ቀን እንዳትወስጃት አደራ። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ የሚያልቀው የትኛው ዞን እንዳለ በማፈላለግ ነው፣ አዲስ ገቢ ከሆነ ስሙ ገና መዝገቡ ላይ ሳይደርስ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ያኔ እናት አጠገብሽ ካለች እሷን ስታነሺ ነው የምትውይው። የለም ካሉሽ አትደንግጪ፣ ስሙን እስከ አያት ስጪ፣ ከየትኛው ጣቢያ መቼ እንደመጣ ንገሪያቸው፣ ስሙ ውስጥ ፀ ወይም ሀ ካለበት በሌላኛው ጸ በሌላኛው ሐም ፈልጉልኝ በይ። የኔ ልጅ በአንድ ፊደል ምክንያት ሁለት ቀን "ጠፍቶ" ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን ከእኔም ከማንም ሰምተሽ አትሂጂ፣ ይቀያየራል፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ሌላ ነው። በር ላይ የተለጠፈውን አንብቢና በወረቀት ገልብጪ። ፎቶ አነሳዋለሁ እንዳትይ ስልክ አትይዢም። ፊት ለፊት ያሉ ሱቆች በብር ያስቀምጣሉ፣ የሚሻለው ግን ቤት መተው ነው። ቻርጀርም ኤርፎንም ፍላሽም እንዲሁ። አንዴ ከቦርሳዬ ኪስ የልጅ ልጄ የጣለው የተበላሸ ኤርፎን ተገኝቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስረዳ ዋልኩ፣ እኔ እንኳን ኤርፎን ሬዲዮም በወጉ መክፈት አላውቅም።

ምግብ ይገባል ግን ይፈተሻል። ሽሮውን በማንኪያ ያማስሉታል፣ እንጀራውን አንድ በአንድ ይገልጡታል፣ ዳቦ ለሁለት ይቆረጣል፣ ከዛ ካመጣሽው ከእያንዳንዱ አይነት አንቺው ትቀምሻለሽ። አጥንት ያለው ወጥ ስለሚያስቸግር እኔ ነቅዬ ነበር የምወስደው። አንድ ጊዜ ልጄ ታሞ የዶሮ መረቅ ይዤለት ሄድኩ፣ ሁዳዴ ነው፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቅመሺ ስባል እንባዬ መጣ። ጠባቂዋ ሴት ነበረች፣ ዝም ብላ አየችኝና "እማማ ከንፈርዎን ያስነኩት በቃ" አለችኝ። ስሟን አላውቅም፣ እስከ ዛሬ ግን በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ሁለት ሳህን ይኑርሽ፣ ክዳን ያለው የላስቲክ፣ ብርጭቆና ብረት አይሆንም። ፕላስተር ለጥፈሽ በማይለቅ ማርከር ስሙን እስከ አያት ከዞኑ ጋር ጻፊበት። አንዱን ሙሉውን ታስገቢያለሽ ያለፈውን ባዶውን ትቀበያለሽ። ልጄ ሁሌ አጥቦ ነበር የሚመልሰው። አንድ ቀን ሽሮው ዳር ዳሩ ላይ ደርቆ ሳህኑ ሳይታጠብ መጣ፣ ማንንም ሳልጠይቅ አመመው አልኩ። በሚቀጥለው ጥየቃ በሱ ፈንታ ሌላ ልጅ ወጥቶ ወባ ይዞት ተኝቷል አለኝ። ከዛ ወዲህ ሳህኑን ሳላይ ፊቱን አላይም ነበር።

እናትሽን በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ውሰጃት። የሐኪም ወረቀቷን ያዢላት፣ ሰልፉን የሚያስተናግደውን ሰው ቀስ ብለሽ አስፈቅጂ፣ ለአቅመ ደካማ ቅድሚያ የሚሰጥ አይጠፋም። ሰልፈኛውም ቢሆን ለእናት ያስቀድማል፣ ሁሉም የራሱን እናት ነው የሚያስበው።


የድሮ ታራሚ፦

እናታችን የጻፉት በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ከውስጥ በኩል ያለውን ልጨምር። እኔ የነበርኩት ሌላ ቦታ ነው ግን አገባቡ ብዙም አይለያይም።

ሲገባ ስሙ፣ አድራሻው፣ የተከሰሰበት ጉዳይ፣ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል አሻራ ይሰጣል፣ በእጁ የነበረው ሰዓት ቀለበት ምናምን ተጽፎ ይቀመጣል። ጤናውንም ይጠይቁታል፣ እዚህ ጋር አንድ ነገር ስሚኝ፣ ወንድምሽ የሚወስደው መድሃኒት ካለ፣ ስኳር ይሁን አስም ይሁን የሚጥል በሽታ፣ የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ክሊኒካቸው እንዲደርስ አድርጊ። ኪኒን እንጀራ ውስጥ ጠቅልሎ ለማስገባት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ፣ ኪኒኑ የራስ ምታት ነበር፣ የመጣበት ጣጣ ግን የራስ ምታት አልነበረም።

ከዛ ዞንና ቤት ይመደባል። አዲስ ገቢ በር አካባቢ ነው የሚተኛው፣ የተሻለ ቦታ የሚያገኘው ሰው ሲፈታ ወይ ሲዛወር ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ላይ ከስቶና ፊቱ ጠቁሮ ብታዪው እየተመታ ነው ብለሽ ወዲያው አትደምድሚ፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሰውን ያገረጣል። ግን ጠይቂው። እጁን ጀርባውን እያየሽ ጠይቂው።

በመጀመሪያ ቀን ይዘሽ የምትሄጂው ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙናው፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ካልሲ፣ ፎጣ። ቂሊንጦ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል ሹራብ አትርሺ። የወታደርና የፖሊስ ልብስ የሚመስል ቀለም ተይ፣ ክር ያለው ኮፍያ ሹራብም ክሩን መዘው ያስቀሩታል ካልሆነም ይመልሱታል። ጂንሱን ምናምኑን ተይው፣ ለፍርድ ቤት ቀን አንድ ደህና ልብስ ብቻ ይበቃል፣ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ሰው መስሎ ይቅረብ። ብርን በተመለከተ በእጅ የሚያዘው ገደብ አለው፣ በስሙ የሚቀመጥበት መንገድ ካለ ጠይቂ፣ ስትሰጪ ግን ደረሰኝ ሳትቀበይ ከመስኮቱ አትራቂ። ውስጥ ሱቅ አለ ሻይ አለ ሳሙና አለ፣ ትንሽ ትንሽ ማድረግ ነው የሚሻለው፣ ብዙ ብር ያለው አዲስ ገቢ ብዙ ጓደኛ ያፈራል።

ምግቡን ለአንድ ሰው አስበሽ አትስሪ። ውስጥ ማንም ብቻውን አይበላም፣ ጠያቂ የሌለው ሰው አለ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ አመት ሙሉ በሩ ላይ ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ። ወንድምሽ ሳህኑን ለአራት ሲከፍት የሚያገኘው ክብር አለ፣ ያ ክብር ደግሞ ማታ የሚተኛበትን ቦታ ይወስናል።

ሌላው ሽቦው ጋር ስለሚወራው ነገር። ቦታው ጫጫታ ነው፣ በመሃል ክፍተት አለ፣ በዚህም በዚያም ሃምሳ ሰው ይጮሃል። መሃል ላይ አትቁሚ ዳር ያዢ። የምትነግሪውን ቀድመሽ አስቢው፣ ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ የቤት ሁኔታ፣ በቃ። ደግሞ ክፉ ዜና አትደብቁት። አያቴ ሞተው ቤተሰቦቼ እንዳይከፋኝ ብለው አራት ወር ደበቁኝ፣ ከዛ የሌላ ልጅ ጠያቂ የሰፈራችን ሰው ኖሮ "እግዜር ያጥናህ" ብሎ ከሽቦው ወዲያ ጮኸልኝ። ሰው መርዶ የሚረዳው ማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እኔ ቀትር ላይ ሃምሳ ሰው ሲጮህ መሃል ቆሜ ተረዳሁ።


ዝምተኛው፦

ሰው ያለ ነገር አይታሰርም እኮ። ለወንጀለኛ ይሄን ያህል መጨነቅ፣ የተበደለውስ?


እናት ነኝ፦

አንተ ልጅ፣ እናት አለህ አይደል? እሷን ሄደህ ጠይቃት።


ችሎት ተመላላሽ፦

@ዝምተኛው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹህ ሆኖ እንደሚገመት ተጽፏል፣ ክርክሩን እዛ ጨርሰው።

@የሰሚቷ እኔ ጠበቃ አይደለሁም ጠበቃ ቢሮ ነው የምሰራው፣ አቤቱታ ስጽፍና ፋይል ሳመላልስ ዘጠኝ አመት ሆኖኛል። ቂሊንጦ የወሰዱት ገና ፍርድ ስላላገኘ ነው፣ እዛ በብዛት የሚያዙት ጉዳያቸው በቀጠሮ ላይ ያለ ነው። ጣቢያ እያለ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው፣ ከዛ በኋላ ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ሲል በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አምስት ሳምንቱ እንደዛ በ14 በ14 እየተባለ የመጣ ይመስለኛል። አሁን ክስ ስላለ ፋይሉ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ ያንን ቁጥር በእጅሽ ጻፊ፣ በስልክሽም በወረቀትም፣ ከዚህ በኋላ የትም ስትሄጂ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

ስለ አባት ስም የጠየቅሽው ብዙ ሰው ይገጥመዋል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ስር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና የሕግ አማካሪው ሊጎበኙት እንደሚችሉ ያስቀምጣል። ጓደኞች የሚል ቃል አለበት፣ ስለዚህ ፍቅረኛውም ጠያቂ ነች፣ አንቺም የእናት ልጅ ብትሆኚ ባትሆኚ በሕጉ ቦታ አለሽ። በር ላይ ከሚሠራ ሰው ጋር ግን አንቀጽ እየጠቀስሽ አትከራከሪ፣ አንቀጽ የሚጠቀሰው ማመልከቻ ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ ወንድምሽ ራሱ ውስጥ ጠያቂዎቼ እነዚህ ናቸው ብሎ ስማችሁን ዝምድናችሁን ቢያስመዘግብ ነው። አንቺም የልደት ካርድሽ ላይ የእናትሽ ስም ስላለ ኮፒውን ያዢ፣ የሱም ካለ አብረሽ ያዢ። ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ ካለ የታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138/1999 እና የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 አሉ።

ዋስትና ተጠይቆ ነበር? ተከልክሎ ከሆነ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ይሄ ቀን ሳያውቁት የሚያልፋቸው ብዙ ናቸው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ተከላካይ ጠበቃ የሚባል አለ፣ በነጻ ነው፣ ወንድምሽ ችሎት ላይ ሲቀርብ አቅም የለኝም ብሎ ራሱ ይጠይቅ። ስለ ክሱ ፍሬ ነገር ሽቦው ጋር አታውሩ፣ ምስክር እከሌ ነው፣ እንዲህ በል፣ እንዲህ አትበል የሚባል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ፣ እሱን ጠበቃው ገብቶ ያወራው።

የቀጠሮ ቀን ችሎት ግቡ። ችሎት ክፍት ነው ቤተሰብ መቀመጥ ይችላል፣ ፊቱንም ያለ ሽቦ ታዩታላችሁ። እናትሽ ሰልፍ የማትችል ከሆነ እኔ ብሆን እሷን ወደ ችሎት ነው የምወስዳት፣ ወንበር አለ። ዳኛ ፊት ግን መጮህ፣ መሳም፣ ፌስታል ማቀበል የለም፣ ከበሩ ያስወጧችኋል፣ ለሱም ጥሩ አይሆንም።

እግዜር አያድርገውና ቢፈረድበት ከከተማ ውጭ ሊዛወር እንደሚችል አሁኑኑ እወቁት። ዝዋይ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሸዋ ሮቢት ከዛም ይርቃል፣ ያኔ የየቀን ስንቅ ይቀርና የወር ይሆናል። ይግባኝ ካለ ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቂያው ይገባል፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙ ማመልከቻ። ጣቢያና ቂሊንጦ የቆየበት ጊዜ ከቅጣቱ ላይ ይታሰብለታል፣ አመክሮ፣ ማለትም ቀድሞ መፈታት፣ ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ የሚታይ ነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202፣ ጸባይ ይታያል፣ ደጋጋሚ ከሆነ ግን የለም። ይሄን ሁሉ ላስፈራሽ አይደለም፣ ቀን ቆጥሮ የሚይዝ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ አንድ መኖር ስላለበት ነው፣ እንደማየው ያ ሰው አንቺ ነሽ።


ሳሪስ አቦ፦

እኔ አንድ ነገር ብቻ። በሩ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ ተራ ስትጠብቂ አንድ በጣም ጨዋ የሆነ፣ ወረቀት ፋይል የያዘ፣ አንዳንዴ ከረባት ያሰረ ሰው ይመጣል፣ "የኔ እህት የማን ጠያቂ ነሽ" ይላል። ስሙን እንዳትነግሪው። እኛ ነገርነው። በሁለተኛው ቀን የወንድማችንን የመዝገብ ቁጥር ሳይቀር ይዞ መጣ፣ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልገባንም፣ ዐቃቤ ሕጉን አውቀዋለሁ ክሱ ይነሳል አለ፣ አባቴ በሬውን ሸጦ ብር ላከ፣ ለመጀመሪያ ለወረቀት ለሻይ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሰጠን፣ ከዛ ስልኩ ጠፋ። ወንድማችን በመጨረሻ የተፈታው በተከላካይ ጠበቃ ነው፣ አንድ ብር ሳንከፍል፣ በሬው ግን ላይመለስ ሄደ። ልክ የሆነ ሰው ሻይ ቤት አይጠብቅሽም፣ ቢሮ አለው፣ የጠበቃ ፈቃድ አለው፣ ውል ያስፈርምሻል፣ ደረሰኝ ይሰጥሻል።

ስለ አባት ስምም እኛ ክልል ላይ አንድ ቦታ ገጥሞናል፣ የአክስቴን ልጅ "ወንድምሽ ከሆነ አባታችሁ ለምን ይለያያል" ብሎ ሃምሳ ሰው ፊት ያሳፈራት አለ፣ እሷም "እናቴን ጠይቃት" ብላው ሄደች፣ እንጀራውን ይዛ ተመለሰች። ዝምድና የሚለው ላይ በቃ "ዘመድ" ብለሽ ጻፊ፣ ያልፋል።


ከቨርጂኒያ፦

ትንሽ ከርዕስ እወጣለሁ ይቅርታ፣ ግን እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎችም ይሄ ነገር ይደርስብናል፣ እፍረት ስለሆነ ማንም አያወራውም፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ልጄ ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሄደ ነው የሚባለው።

የእህቴ ልጅ ፌዴራል እስር ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ሳህን ይዘሽ በር መቆም የሚባል ነገር የለም፣ ከውጭ ምግብ አይገባም፣ እህቴን ከሁሉ በላይ የጎዳት ይሄ ነው፣ ለልጇ ምንም ማጉረስ አለመቻሏ። ጥየቃ የሚፈቀደው ስምሽ እሱ ባቀረበው የጠያቂ ዝርዝር ላይ ካለና ከጸደቀ ብቻ ነው፣ ፎርሙን እሱ ነው ከውስጥ የሚልክልሽ፣ ሞልተሽ ትመልሻለሽ፣ ከዛ ይጣራል። እናት አባት እህት ወንድም ሚስት ልጅ ይቀላል፣ ጓደኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመታሰሩ በፊት የሚተዋወቁ መሆን አለባቸው። ስምንት አሃዝ ያለው የእስረኛ ቁጥር አለው፣ ኢንተርኔት ላይ በስሙ ፈልገሽ የት እንዳለ ታያለሽ፣ ብርም በዛ ቁጥር በዌስተርን ዩኒየን ይገባል። ስልክ 15 ደቂቃ ሲሞላ ይቆረጣል፣ ይቀዳል፣ በአማርኛ ስላወራን አይሰሙንም የሚል ሰው ካለ ይተው፣ አስተርጓሚ አላቸው።

አለባበስም ያያሉ፣ እነሱ ከሚለብሱት ካኪ ጋር የሚመሳሰል አትልበሱ፣ እህቴ ስድስት ሰዓት ነድታ ሄዳ በሱሪዋ ቀለም መልሰዋት ከዋልማርት ቀሚስ ገዝታ ነው የገባችው። በየካውንቲው ያሉት እስር ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ በቪዲዮ ነው የሚያገናኙት፣ በአካል አይደለም።

ዜግነት ለሌለው ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ነው፣ ከፈረመ በኋላ እስሩን ጨርሶ ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። ከ2010 ጀምሮ ጠበቃው ይሄን አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት፣ ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያናግሩ።


የድሮ ታራሚ፦

@ከቨርጂኒያ ከርዕስ አልወጣሽም። ምግብ አይገባም ያልሽው ግን ገረመኝ፣ እኛ ጋር ስንቁ ባይኖር ግማሹ ሰው ይታመም ነበር። ጠያቂ ማለት እኮ ለኛ ምግብም ነው መድሃኒትም ነው ጋዜጣም ነው።


የሰሚቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ሄጄ ነበር። እናት ነኝ እንዳሉት ብቻዬን ነው የሄድኩት፣ እማዬን ቀጠሮ ተቀይሯል ብዬ ዋሸኋት (እሷም ያመነችኝ አይመስለኝም፣ ሽሮውን ሌሊት ተነስታ ነው የሠራችው)። ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ ደረስኩ፣ ስልኬን ቤት ትቼ፣ ሰዓት የማየው ሰው እየጠየቅኩ። ስሙ መጀመሪያ የለም ተባለ። በሐመሩ ሐ ፈልጉልኝ አልኩ፣ ተገኘ!! እዛው መስኮቱ ላይ ሳቅኩ፣ ሰውየው ምን ያስቃታል ብሎ አየኝ።

ዝምድና ላይ እህት ብዬ ጻፍኩ፣ የአባት ስም ማንም አልጠየቀኝም፣ የልደት ካርዱን ሁለት ሰዓት ሙሉ በከንቱ ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ምግቡን ቀመስኩ። ዳር ያዝኩ። መጣ። ጸጉሩን ተላጭቶ አላወቅኩትም፣ እሱ ነው የጠራኝ። አንድ ነጠላ ጫማ ግራና ቀኙ የተለያየ አድርጓል፣ የራሱስ ስለው ሳቀና ተወው አለኝ። እጁን አሳየኝ ስለው አሳየኝ፣ ምንም የለም። እማዬ ለምን አልመጣችም አለ፣ የፍርድ ቤቱ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታይሃለች አልኩት፣ ያንን ሲሰማ ዝም አለ። ስለ ዋስትናው ችሎት ተመላላሽ የጻፉትን ነግሬዋለሁ፣ ከተከለከለ ገና 11 ቀኑ ነው፣ ነገ የተከላካይ ጠበቆች ቢሮ እሄዳለሁ። የጠያቂ ስም አስመዘግባለሁ ብሏል፣ የፍቅረኛውን ስም ሲናገር አጠገቡ ያሉት ልጆች አፏጩበት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ያስገባሁት እዛው ተገልብጦ ባዶው ተመለሰልኝ፣ ሳህኑ ታጥቧል፣ ግን ክዳኑ የኛ አይደለም። ሰማያዊ ነው፣ ፕላስተሩ ላይ የሌላ ሰው ስምና "ዞን 2" የሚል አለበት። የኛ ክዳን እነሱ ጋር ሄዷል ማለት ነው። ምን ላድርግ፣ ፕላስተሩን ልላጠው?


እናት ነኝ፦

እንዳትልጪው! በሚቀጥለው ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂና ሰልፉ ላይ ፕላስተሩ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብለሽ ጥሪ። እናቱ እዛ ትኖራለች፣ ያንቺንም ክዳን ይዛ እየፈለገችሽ ነው።